ሽፍታው ከማን ጎን ልቀበር አለ?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል። ለስድብ ከመሮጣችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ዋሊ ገን የሚባል አውስትራሊያዊ የሙዚቃ አቀናባሪ «ሙንላይት» የሚል ሥራ አለው። ድምፃውያን በኅብረት ይዘፍኑታል፣ ከበሮና ሌሎች የምት መሣሪያዎች ያጅቡታል። ባለታሪኩ ካፒቴን ሙንላይት የተባለው ሽፍታ አንድሩ ጆርጅ ስኮት ነው፤ አየርላንድ የተወለደ የቄስ ልጅ። ኒውዚላንድ ዘምቶ ቆስሏል። አውስትራሊያ ገብቶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያገለግል ቆየና በ1869 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በተፈጸመ የባንክ ዘረፋ ተፈርዶበት ታሰረ። ፔንትሪጅ እስር ቤት ውስጥ ነው ጄምስ ኔስቢትን ያገኘው። ከዚያ በኋላ አልተለያዩም።

ኖቬምበር 1879 ዋንታባጀሪ በሚባል ቦታ ከነጓደኞቻቸው ሰው አግተው ከፖሊስ ጋር ተታኮሱ። ኔስቢት ሞተ። ስኮት ተይዞ ጃንዋሪ 20 ቀን 1880 ሲድኒ ውስጥ ተሰቀለ። ሲሰቀል ጣቱ ላይ ከኔስቢት ፀጉር የተሠራ ቀለበት ነበር። ሞቱን ሲጠብቅ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የለመነው አንድ ነገር፣ ጉንዳጋይ ከኔስቢት ጋር መቀበር ነው። ባለሥልጣናቱ ግን ደብዳቤዎቹን አስቀሯቸው፤ እሱንም ሲድኒ ቀበሩት። አፅሙ ጉንዳጋይ የገባው በ1995 ነው፤ ከ115 ዓመት በኋላ!

«መምህር፣ ምን ነካህ? ይህን ለምን ትጽፋለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ እኮ እምነታችሁን ቀይሩ አላልኩም። የማስተምረው ታሪክ ነው። ታሪክ ደግሞ ደስ ያለንን ሰነድ ይዘን ያላማረንን የምንጥልበት ዕቃ አይደለም። መኝታቸውን ያየ የለም፤ ሰውየው በገዛ እጁ የጻፈው ግን አለ። «ጓደኛው ነበር» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እንደዚያ ከሆነ ግን ደብዳቤውን ያስቀሩት ሰዎች ሥራቸውን በእኛ አስጨረሱ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ፍቅሩ እውነት ስለሆነ ሽፍትነቱ ይታጠብ የሚል ካለ አልስማማም። በዚያ ተኩስ ዌብ ቦወን የሚባል ፖሊስ ቆስሎ ሞቷል። ከሽፍቶቹም ኦገስተስ ወርኒኪ ሲገደል 15 ዓመቱ ነበር፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን የሚያክል ልጅ! እነዚህም ሰው ናቸው።

ለዚህ ነው ይህ ታሪክ በኅብረት መዘፈኑን የወደድኩት። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ቢዘፍነው እንደ ፉከራ ጀግና ያደርገዋል። ብዙ ድምፅ ሲሆን ግን አፍቃሪውም፣ ገዳዩም፣ ሟቹም ቦታ ያገኛል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሽፍታ የተናዘዘው ኑዛዜ ይከበራል ወይስ አይከበርም? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉ። ስድብ ግን አጠፋለሁ፤ ታውቁኛላችሁ።