ማስረጃውን ከታማሚው አትጠይቁ

ከቬትናም ጦርነት በሕይወት ተመልሶ በስተርጅና ካንሰር የያዘውን አሜሪካዊ ወታደር «መርዙ የነካህ የት ቦታ፣ በየትኛው ቀን ነው?» ብሎ ማፋጠጥ ግፍ ነው። አውሮፕላን ከላይ ሲረጭበት መለኪያ ይዞ አልቆመም። የርጭቱ መዝገብ ያለው በመንግሥት እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 የአሜሪካ ጦር የጠላትን መሸሸጊያ ደንና ሰብል ለማጥፋት ከ70 ሚሊዮን ሊትር በላይ ፀረ አረም ኬሚካል ረጨ። አብዛኛው በበርሜሉ ላይ ከተቀባው ብርቱካናማ መስመር ስሙን ያገኘው ኤጀንት ኦሬንጅ ነው። ሲመረት ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ተቀላቅሎበት ነበር። ቅጠሉን ፈጥኖ ያረግፋል፤ በሰው ላይ ግን በሽታው ብዙ ዓመት ቆይቶ ሊወጣ ይችላል።

በሜኮንግ ደልታ ርጭቱን ያዘዙት አድሚራል ኤልሞ ዙምዋልት ይህን በቤታቸው አዩት። በዚያው አካባቢ የጀልባ አዛዥ የነበረው ልጃቸው በ1988 በካንሰር ሞተ። አባት በ1990 ለመንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት በሽታዎቹን ከኬሚካሉ ጋር አያያዙ።

በ1991 የወጣው ሕግ ትክክለኛውን መንገድ ያዘ፦ በቬትናም ያገለገለ ሰው ኬሚካሉ እንደነካው ይገመታል፤ ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ ሲይዘው ሕክምናና ካሳ ያገኛል። ክፋቱ ዝርዝሩ የሚሰፋው በኤሊ እርምጃ መሆኑ ነው። በባሕር ዳርቻው ያገለገሉ መርከበኞች «እግራችሁ መሬት አልረገጠም» ተብለው ለዓመታት ተገፍተው ቆይተው መብታቸው በሕግ የተረጋገጠው በ2019 ነው። ለደም ግፊት በቂ ማስረጃ መኖሩን የሳይንስ ብሔራዊ አካዳሚዎች በ2018 ቢያስታውቁም፣ በሽታው በሕግ የተካተተው በ2022 ነው። ለሰባ ዓመት ሽማግሌ አራት ዓመት ቀላል ቀጠሮ አይደለም።

ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ በቂ ማስረጃ አለ ባሉ በተወሰኑ ወራት ውስጥ በሽታው በራሱ ወደ ዝርዝሩ ይግባ፤ የምክር ቤት ድምፅ አይጠበቅ።

መርዙ የወረደበት የቬትናም ገበሬ ደግሞ ይህ ግምት እንኳ የለውም። ቬትናማውያን በኬሚካል አምራቾቹ ላይ ያቀረቡት ክስ በ2005 ውድቅ ሆነ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2009 ጉዳዩን አላይም አለ። አሜሪካ በኬሚካሉ የተበከለውን የዳ ናንግ አውሮፕላን ማረፊያ አፈር ማጽዳቷ ደግ ሥራ ነው፤ አፈሩ የታከመለት ገበሬ ግን ራሱም ሊታከም ይገባዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የወጋው መዝገብ ይዟልና «ረሳሁ» ሊል አይችልም።

የዓምዱ ጸሐፊ