ሐሳቡስ መልካም፤ እጁስ የማን ነው?

ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረችውና ብዙ ከተሞች የተከተሉት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ የሥነ ጥበብ ድግስ አለ። ተመልካቹ በጨለማ እየዞረ፣ በመብራት መሀል የተደረደረ ዕቃ ያያል። «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ቁም ነገሩ ዕቃው ሳይሆን ሐሳቡ ነው» ይባላል። በአዲስ አበባም የቪዲዮ ጥበብ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል። ልጆቻችሁ ነገ ይህን መሰሉን ማየታቸው አይቀርም።

ታዲያ «ከንቱ ነው» ብለን በራችንን እንዝጋ? የለም! ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ለሚያምን ሙስሊም፣ ሐሳብ ከዕቃ ይበልጣል መባሉ እንግዳ አይሆንበትም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ሐሳቡ ሲወደስ የሠራተኛው እጅ የት ይገባል?

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ኒውዮርክ ውስጥ በፕላስተር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ሙዝ በ6.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሙዙ በዚያው ቀን የተገዛው ከመንገድ ዳር ሲሆን ዋጋውም 35 ሳንቲም ነበር። የሸጡት ባንግላዴሻዊ ሽማግሌ ያኔ በሰዓት 12 ዶላር የሚከፈላቸው ተቀጣሪ ነበሩ። ወሬውን ሲሰሙ አለቀሱ። ላቡ ሳይደርቅ ደመወዙ እንዲከፈለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያዘዙለት ሠራተኛ በዚህ «ሐሳብ» ውስጥ ቦታው የት ነው?

በሩቅ አገር ብቻ አንፍረድ። ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ ተሠራ፤ እስከ መቅደላም በሰው ጉልበት ተጎተተ። የዐፄ ቴዎድሮስን ስም ሁሉም ያውቃል፤ ገመዱን የጎተቱትን ግን ማን በስም ይጠራቸዋል? በጎንደር ምድር በሽመናና በንግድ ላደሩ ሙስሊም አያቶቻችንም ይኸው ዕጣ ደርሷቸዋል፦ ሸማው ተለበሰ፣ ሸማኔው ተረሳ።

ሌላ መንገድ ግን አለ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጮችን እየለቀመ ትልልቅ ሥራዎችን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየምም ግድግዳው በጭቃና በጭድ፣ አባቶቻችን በሚያውቁት ሙያ የቆመ ነው። እዚህ ሐሳቡ እጁን አልዋጠውም፤ እንዲያውም አከበረው።

እንግዲህ እናትና አባት ሆይ! ልጃችሁ ከእንዲህ ያለ ምሽት ሲመለስ «ስንት ተሸጠ?» አትበሉት። «ማን ሠራው? ማን ተሸከመው? ድርሻውንስ አገኘ?» በሉት። ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ በብርሃኑ አይታወርም፤ በጨለማው ውስጥ የቆመውንም ሰው ያያል።