ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ፦ በአሜሪካ ሕግ የነጋዴው መብት

ስለ ሰው መብትና ነጻነት በተነገረ ቁጥር ብዙው ነጋዴ ነገሩን የጠበቆችና የመንግሥት ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል። ነጋዴን ዘወትር የሚያሳስበው የዕቃ ዋጋ፥ የጉምሩክ ቀረጥ፥ የባንክ ወለድና የመርከብ ኪራይ ስለ ሆነ ይህ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የአሜሪካን የፍርድ ታሪክ ለሚመረምር ሰው አንድ ነገር ግልጽ ሆኖ ይታየዋል። ይኸውም በዚያ አገር ስለ ነጻነት ከተሰጡት ታላላቅ ፍርዶች ብዙዎቹ የተነሡት ከሱቅ፥ ከመጋዘንና ከንግድ ፈቃድ መሆኑ ነው።

አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ የተረቱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በሕግ ተከራክሮ በቅሎውን ቢያጣ ያዝናል እንጂ አይዋረድም፤ ጭብጦውን በጉልበት ቢነጠቅ ግን ከዳቦው ይልቅ ክብሩ ተወስዷል። የአሜሪካ ነጋዴ ከሹማምንት ጋር ሲከራከር የኖረውም በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። ክርክሩ መንግሥት ቀረጥ አይቀበል፥ ቁጥጥር አያድርግ የሚል አልነበረም፤ ሥልጣኑ ወሰንና ዳኛ ይኑረው የሚል ነበር እንጂ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ አሜሪካ ነጻ መንግሥት ከመሆኗ በፊት ነው። ቦስተን በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር የምትተዳደር የንግድ ወደብ በነበረችበት ዘመን ከባዕድ ደሴቶች በሚመጣው ሞላሰስ ላይ ከባድ ቀረጥ ስለ ተጣለ ብዙ ዕቃ በስውር ይገባ ነበር። ይህን ለመከላከል የጉምሩክ ሹማምንት አጠቃላይ የብርበራ ማዘዣ ይሰጣቸው ነበር። ማዘዣው የማን ቤት፥ የትኛው ዕቃ፥ በምን ምክንያት የሚል ቃል የለበትም። የያዘው ሹም በቀን ወደ ፈለገው ቤት፥ ሱቅ ወይም መጋዘን ይገባል፤ የተዘጋውንም ይከፍታል። ማዘዣው የሚያገለግለው ንጉሡ በሕይወት እስካሉና ከሞታቸውም በኋላ እስከ 6 ወር ድረስ ነበር።

ዳግማዊ ጆርጅ በ1760 ሲሞቱ ማዘዣው መታደስ ስላስፈለገው የቦስተን ነጋዴዎች ተሰብስበው አቤቱታ አቀረቡ። በ1761 በፍርድ ቤት የቆመላቸው ጠበቃ ጄምስ ኦቲስ ነበር። ኦቲስ ቀድሞ የመንግሥት ጠበቃ ሳለ ለጉምሩክ ከመከራከር ይልቅ ሹመቱን መልቀቅ የመረጠ ሰው ነው። የክርክሩም ፍሬ ነገር፥ ሰው በቤቱ ውስጥ በሰላም መኖር መብቱ ስለ ሆነ ምክንያቱና ቦታው ሳይገለጽ ማንም ሹም እንዳሻው የሰውን በር ሊያስከፍት አይገባም የሚል ነበር። ነጋዴዎቹ በዚያው ዓመት ተረቱ። ነገር ግን ከአድማጮቹ መካከል የ25 ዓመት ወጣት የነበረውና በኋላ የአሜሪካ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ በስተርጅናው ሲጽፍ፥ የነጻነት ሐሳብ የተወለደው በዚያ ችሎት መሆኑን መስክሯል።

ያ የተረታ ክርክር ከ30 ዓመት በኋላ ሕግ ሆነ። በ1791 የጸደቀው አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሰዎች በሰውነታቸው፥ በቤታቸው፥ በወረቀታቸውና በንብረታቸው ላይ ካልተገባ ብርበራ የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል። የብርበራ ማዘዣ የሚሰጠውም በመሐላ የተደገፈ በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው፤ የሚበረበረው ቦታና የሚያዘው ነገርም በዝርዝር መገለጽ አለበት። ይህን አንቀጽ ዛሬ የሚያነብ ሰው ከቃሉ በስተጀርባ የቦስተንን መጋዘኖች ማሰብ ይገባዋል።

ሁለተኛው ታላቅ ነገር የንግድ ፈቃድን ይመለከታል። በ1880 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አስተዳደር ከጡብ ወይም ከድንጋይ ባልተሠራ ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ መክፈት የሚቻለው በአስተዳደሩ ጉባኤ ፈቃድ ብቻ ነው የሚል ደንብ አወጣ። ምክንያቱ እሳትን መከላከል ነው ተባለ፤ ቃሉን ላነበበው ሁሉ ደንቡ ለሁሉም እኩል ይመስል ነበር። በከተማው ከነበሩት 320 ያህል የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ወደ 310 የሚሆኑት የእንጨት ነበሩ። ከጠቅላላው ቁጥር 240 የሚያህሉት የቻይናውያን ነበሩ።

ዪክ ዎ በሚል ስም የሚታወቀው ባለሱቅ በአንድ ቤት ውስጥ ለ22 ዓመት ልብስ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። የእሳት መከላከያና የጤና ሹማምንት ቤቱን መርምረው ጉድለት የለበትም የሚል ምስክር ወረቀት ሰጥተውታል። ሆኖም በ1885 ፈቃዱን ለማሳደስ ሲጠይቅ ተከለከለ። ከእርሱ ጋር ያመለከቱት 200 ያህል ቻይናውያን በሙሉ ተከለከሉ፤ ቻይናዊ ያልሆኑት 80 ያህል አመልካቾች ግን ከአንድ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ዪክ ዎ ሥራውን ስላላቆመ 10 ዶላር ተቀጣ፤ ባለመክፈሉም ታሰረ።

ልብስ አጣቢዎቹ በማኅበር የተደራጁ ስለ ነበሩ ነገሩን አንድ ድሀ ባለሱቅ ብቻውን አልተሸከመውም። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በግንቦት 1886 በአንድ ድምፅ ተፈረደላቸው። የፍርዱ ሐሳብ ለነጋዴ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው፤ ይኸውም ሕግ በጽሑፉ እኩል ቢሆንም ሹማምንት በአድልዎ ከሠሩበት እኩልነቱ ፈርሷል፥ የሰው እንጀራም በሌላ ሰው ባዶ ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም የሚል ነው። በተለይ መታወቅ ያለበት ደግሞ ዪክ ዎ የአሜሪካ ዜጋ አለመሆኑ ነው። በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው ማሻሻያ የሕግ ጥበቃ እኩልነትን የሚሰጠው «ለማንኛውም ሰው» ስለ ሆነ ባዕዱም ባለሱቅ በዚያ ቃል ውስጥ ተካተተ።

ነገር ግን ይህን ታሪክ እንደ ምስጋና መዝሙር ብቻ መተረክ እውነትን መሸሸግ ይሆናል። በዚያው አገር በ1942 በጦርነቱ ፍርሃት ምክንያት በምዕራብ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነሥተው በካምፕ ተከማቹ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ባለሱቁ ሱቁን፥ ገበሬውም እርሻውን በጥቂት ቀን ውስጥ በተገኘው ዋጋ ሸጦ እንዲሄድ ተገደደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1944 ይህን ሥራ ደግፎ ፈረደ። መንግሥት ስሕተቱን አምኖ በሕይወት ለተገኙት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲሰጥ በሕግ የወሰነው በ1988 ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ በወረቀት ላይ ያለ መብት ጠባቂ ከሌለው በአስፈሪው ቀን ሊከዳ እንደሚችል ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1942 አልተለወጠም ነበር፤ የጎደለው ቃሉን የሚያጸና ዳኛ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ፍርድ ቤቱ ወደ ነጋዴው በር ተመለሰ። በ1967 በሲያትል ከተማ አንድ የመጋዘን ባለቤት የእሳት መከላከያ ተቆጣጣሪ ያለ ማዘዣ ወደ ተቆለፈው መጋዘን እንዳይገባ በመከልከሉ የተቀጣበት ነገር ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቅጣቱ ተሻረ። የንግድ ቤትም እንደ መኖሪያ ቤት ካልተገባ ፍተሻ የተጠበቀ ነው ተባለ። በ1978ም በአይዳሆ ግዛት የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ ድርጅት የነበረው ባለቤት፥ ስለ ሠራተኞች ደኅንነት የሚቆጣጠረው ሹም ሲመጣበት አቤቱታ የቀረበብኝ እንደ ሆነ ይነገረኝ አለ። አቤቱታ አልቀረበም፥ ተራህ ደርሶ ነው ሲባል ማዘዣ ጠየቀ፤ ማዘዣም ስላልነበረ አላስገባም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ3 በሆነ ድምፅ ፈረደለት።

በዚህ ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ተቆጣጣሪው ዳኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ እሳቱ አይጠብቅም፥ የተበላሸውም ምግብ ይሸጣል፥ አታላዩም ጥፋቱን ይደብቃል የሚሉ አሉ። ደግሞም እውነተኛ ነጋዴ የሚደብቀው ነገር ስለሌለው በሩን ቢከፍት ምን ይጎዳዋል ይላሉ። ለመጀመሪያው መልሱ በራሱ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። አስቸኳይ አደጋ ሲኖር ማዘዣ አይጠበቅም። ለተለመደው ቁጥጥር የሚያስፈልገው ማዘዣም ጥፋት መፈጸሙን የሚያስረዳ ማስረጃ አይጠይቅም፤ የሕንጻው ዕድሜ፥ ካለፈው ምርመራ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ወይም በተራ የወጣ ዕቅድ ይበቃዋል። ማዘዣውንም ባለሱቁ ሳያውቅ ማውጣት ይቻላል። ማዘዣው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ሱቅ ለምን መረጥክ ተብሎ ሲጠየቅ ሹሙ መልስ ያለው እንዲሆን ነው።

ለሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ መልስ የሚሰጠው ዪክ ዎ ነው። እርሱ የሚደብቀው አልነበረም፤ ቤቱ ተመርምሮ ምስክር ወረቀት ነበረው። የጎዳው ጥፋቱ ሳይሆን በሹማምንቱ እጅ የነበረው ወሰን የሌለው ፈቃድ ነው። ምክንያት የማይጠየቅ ሹም ቢኖር ደጉ ሹም ይሠራበታል፥ ክፉው ግን ይነግድበታል። ጉቦም የሚወለደው ከዚሁ ነው፤ አለመስጠት ዋጋ የማያስከፍለው ሹም መስጠቱን ሊሸጠው ይችላልና።

የመብቱንም ወሰን ማወቅ ለነጋዴ ይጠቅማል። ለገበያተኛ ክፍት በሆነው የሱቅ ክፍል ተቆጣጣሪም እንደ ማንኛውም ሰው ገብቶ ያየውን ያያል። መጠጥ፥ የጦር መሣሪያ፥ የማዕድን ማውጫና የአሮጌ መኪና ፍርስራሽ ንግድ ጥብቅ ቁጥጥር ስላለባቸው ያለ ማዘዣ ሊፈተሹ እንደሚችሉ ተፈርዷል። በተለይ አስመጪና ላኪ ልብ ሊለው የሚገባው በወሰንና በወደብ የሚገባ ዕቃ ያለ ማዘዣ መፈተሹን ነው፤ ይህም የጉምሩክ ሥልጣን ከአሜሪካ መንግሥት መመሥረት ጋር እኩያ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የሎስ አንጀለስ ከተማ ሆቴሎች የእንግዶችን መዝገብ ፖሊስ በጠየቀ ጊዜ ወዲያው እንዲያሳዩ ያስገድድ ነበር፤ እምቢ ያለ ባለሆቴል እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ይደርስበታል። የሞቴል ባለቤቶች ተከራክረው በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ደንቡን ሻረው። ባለሆቴሉ ከመቀጣቱ በፊት ገለልተኛ በሆነ ዳኛ ፊት አቤት የሚልበት ዕድል ሊኖረው ይገባል ተባለ። ከ1761 ጀምሮ የተጠየቀው ጥያቄ ዛሬም ያው ነው፤ የተለወጠው ሞላሰሱ መዝገብ መሆኑ ብቻ ነው።

በዚያችው ሎስ አንጀለስ የከተማው አስተዳደር በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ይገኛል፤ በዋሽንግተንና በአካባቢውም ብዙ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው ይሠራሉ። እነዚህ ሰዎች የጤና፥ የእሳትና የፈቃድ ተቆጣጣሪ በየጊዜው ይመጣባቸዋል። ዜግነት ያገኘውም ያላገኘውም ቢሆን አንድ የቻይና ልብስ አጣቢ ከ1886 ጀምሮ ያቆየላቸው ቃል ይጠብቃቸዋል። ወንድሙ ወይም ልጁ በዚያ አገር ሱቅ ያለው የአዲስ አበባ ነጋዴም ይህን ማወቁ አይጎዳውም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛ፥ ፈቃድ የሚከለክልም ሆነ በር የሚያስከፍት ሹም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን ሥርዓት ነው። ሁለተኛ፥ ብቻውን የቆመ ባለሱቅ ይደክማል፤ የቦስተን ነጋዴዎችም የሳን ፍራንሲስኮ ልብስ አጣቢዎችም የቆሙት በማኅበር ነው፤ የነጋዴ ማኅበርም ከሚጠቅምበት ሥራ ሁሉ ይህ አንዱ ነው። ሦስተኛ፥ ዛሬ የተረታ ክርክር ነገ ሕግ ሊሆን ይችላልና የተረታ ሁሉ ከንቱ ደከመ አይባልም።

ነጋዴ ግብሩን ይክፈል፥ ለቁጥጥርም ይታዘዝ፤ ይህ የሚያከራክር አይደለም። በቅሎው በፍርድ ብትሄድ ይታገሣል። ጭብጦው ግን ያለ ፍርድ የሄደች እንደ ሆነ፥ ነገ የጎረቤቱም በቅሎ በዚያው መንገድ እንደምትከተል አይዘንጋ።