ጉርብትና በዕጣ አይበተን

መሬት ለሕዝብ ጥቅም በሚለቀቅበት ጊዜ ለተነሺዎች ስለሚከፈለው ካሳ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ ከርሱ በፊት በነበረው በ1997ቱ አዋጅ ያልታሰበ አንድ አዲስ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ይኸውም ሰው ከኖረበት ቦታ ሲነሣ የሚያጣው ግድግዳውንና ጣሪያውን፣ አጥሩንና ተክሉን ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር የነበረውን ማኅበራዊ ትስስር ጭምር መሆኑን አምኖ፣ ለዚያም መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል ማዘዙ ነው። ሕግ አውጪው ይህን በማሰቡ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን አባትና አያት ሲያቆሙት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ሲጠብቁት የኖረ የአንድ ሰፈር ሥርዓተ ማኅበር፣ በየቤቱ ቁጥር ተመንዝሮ ለየአባወራው በብር ሊታደል ይችላልን? በአዲስ አበባ የአራዳንና የፒያሳን ኑሮ በቅርብ የሚያውቅ ሁሉ አይቻልም ብሎ እንደሚመልስ አልጠራጠርም፤ እኔም ይህን የምጽፈው ከካሳው ይልቅ የሚቀል፣ ወጪውም ያነሰ ሌላ መንገድ መኖሩን ለማሳሰብ ነው።

አራዳ ከመሠረቷ ደብርና ገበያ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ በድል ከተመለሱ በኋላ፣ ታቦቱ አብሮ የዘመተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በክብር ሲታነጽ፣ ከደብሩ ግርጌ ይውል የነበረው ታላቅ ገበያ ማሩንና ቅቤውን፣ አሞሌውንና ሸማውን ይዞ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣውን ሰው እየሳበ፣ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል፣ የአርመኑና የግሪኩ፣ የሕንዱና የዓረቡ ሱቅ በየጊዜው እየተጨመረበት፣ በዙሪያውም መኳንንቱ ከነሠራዊታቸውና ከነሎሌዎቻቸው ስለ ሰፈሩ፣ ዛሬም የምንጠራቸው የደጃች ውቤና የራስ ሙሉጌታ ሰፈሮች፣ የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች የከተሙበት ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈርና ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱም እየተቈረቈሩ ሄዱ። ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት ገበያውን ወደ መርካቶ ቢያዛውር፣ ለመሐል አራዳም ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶ ቢሄድ፣ ሰዉ ግን ከአጥቢያው አልራቀም።

ይህ ሰው ከጎጃምና ከጎንደር፣ ከመንዝና ከቡልጋ፣ ከጉራጌና ከዶርዜ፣ ከወለጋና ከትግራይ የመጣ ባላገር ነው። በአገሩ ሳለ ቢታመም የሚያስታምመው፣ ቢሞት ተሸክሞ የሚቀብረው፣ ሰብሉ ቢደርስ በደቦ የሚያጭድለት ዘመድ ነበረው፤ አራዳ ሲገባ ግን ዘመዱን ከስንት ወንዝ ማዶ ትቶ መጥቷልና፣ ሥጋ ያላዛመደውን ጎረቤቱን ደንብ እንዲያዛምድለት ማድረግ ነበረበት። ዕድር የሚባለው ሥርዓት እንዲህ ካለው ችግር የተወለደ ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ በአዲስ አበባ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጉራጌ ተወላጆች ዘንድ ተጀምሮ፣ ከጠላት ወረራ ወዲህ ለመላው ከተማ ተዳረሰ። የባላገሩ ፍቅረ ቢጽ በከተማ መዝገብ ላይ ተጻፈ ማለት ነው።

ይህ መዝገብ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ስለ ዕድር የሚሰጠው ፍርድ ጐደሎ ይሆናል። ከወፍራም ደብተር ላይ በማስመሪያ ተሠምሮ፣ በግራ በኩል የአባወራው ስም፣ በቀኝ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት ወራት ተደርድረው፣ የከፈለ በሰማያዊ፣ ያልከፈለ በቀይ ምልክት ይደረግበታል፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ባሏ የሞተባትና መክፈል ያቃታት እናት ስም ከነምሕረቱ ተጽፎ፣ የዳኛውና የጸሐፊው ፊርማ ሰፍሮበታል። ዕቃ ቤቱ በቆርቆሮ የተመታ ጠባብ ክፍል ነው። ጢስና ዝናብ የተፈራረቀበት ድንኳን ከነገመዱ ተጠቅልሎ በአንድ ጥግ ተቀምጧል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ በሆዳቸው የዕድሩ ስምና ተራ ቍጥራቸው በቀይ ቀለም ተጽፎባቸው ተነባብረዋል፤ ሰታቴውና ብረት ድስቱ፣ ትሪውና ጀበናው፣ በካርቶን የታሸገው ብርጭቆ ሁሉ ተቈጥሮ ይወጣል፣ ተቈጥሮም ይገባል። የጐደለ ብርጭቆ ቢኖር በሚቀጥለው ስብሰባ ይጠየቅበታል።

ሞት በደረሰ ጊዜ ጥሩምባ ነፊው ጎሕ ሳይቀድ በየመንደሩ መግቢያ ቆሞ፣ የእገሌ እናት ዐርፈዋልና ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው፣ ዕድርተኛ ሁሉ ውጣ ብሎ ሲለፍፍ፣ ጎልማሶቹ ካስማውን ለመትከል፣ የሴቶች ዕድር እናቶችም ንፍሮውን ለመቀቀልና እንጀራውን ለመጋገር፣ ማንም ማንንም ሳይለምን ይሰማራሉ፤ ሐዘንተኛው እስከ ሠልስቱ ድረስ ምን ይበላ ይሆን፣ እንግዳው በምን ላይ ይቀመጥ ይሆን ብሎ የሚያስብበት ምክንያት የለውም። የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ጥቂት ብር ቢሆን፣ የሚፈራው ብሩ ሳይሆን በስብሰባ መካከል ስም መጠራቱ ነው። ሟቹ ክርስቲያን ቢሆን ጸሎተ ፍትሐቱ ወደሚደረስበት ደብር፣ እስላም ቢሆን ሶላቱ ወደሚሰገድበት በኒ መስጊድ፣ ያው አንዱ ዕድር አጅቦ ይሄዳል። የተመረጠው ዳኛና ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዡም ጭምር ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ ሒሳባቸውም በአደባባይ ይመረመራል። አገራችን ስለ ምርጫና ስለ ተጠያቂነት ብዙ በምትነጋገርበት በዚህ ዘመን፣ ድሆች በየሰፈራቸው ይህን ሳያቋርጡ ሲሠሩት መኖራቸው ለምን እንደ ቀላል ነገር እንደሚታይ አይገባኝም።

ዕድር ሞትን ብቻ እየጠበቀ ይኖራል የሚሉም አሉ። ነገር ግን በኤድስ ወረርሽኝ ጊዜ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው፣ የትምህርት ቤት ወጪያቸውን ችለው ያሳደጉት በየሰፈሩ የሚገኙ ዕድሮች ነበሩ። ከዕድሩ ጎን ለጎንም በየወሩ በቅዱሱ ስም ጽዋውን እያዞረ፣ የተጣላውን በማኅበሩ መሪ በሙሴው ፊት የሚያስታርቀው የጽዋ ማኅበር አለ፤ ለጉልት ቸርቻሪዋ የንግድ ገንዘብ የሚሆናት ዕቁብም አለ።

ስለ ቤቶቹ እውነቱን መናገር ይገባል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሱት የአራዳ ቤቶች ብዙዎቹ በቀበሌ ይዞታ ሥር ገብተው፣ ኪራያቸው ለጥገናቸው እንኳ ሳይበቃ ኖሮ፣ ጭቃው እየተፈረፈረ፣ ቆርቆሮው እየዛገ፣ አንድ መጸዳጃ ለብዙ አባወራ እየሆነ፣ በክረምት ጎርፍ ከደጅ ወደ ጓዳ የሚገባባቸው ሆነው ነበር። ልጅ በዚያ ጠባብ ክፍል ታጥፎ እንዲያጠና፣ አሮጊት በሌሊት በዝናብ ወደ ጋራ መጸዳጃ እንድትወጣ የሚፈልግ ሰው የለም፤ እኔም ለጭቃው ጠበቃ ሆኜ አልቆምም። ሆኖም ያው አዋጅ ሳያስበው ያስከተለው አንድ ነገር አለ፤ ጡረተኛው መምህርና አንጥረኛው፣ ጠጅ ጣይዋና የደጃዝማቹ ልጅ በአንድ ግቢ ከአንድ ቧንቧ እንዲቀዱ፣ በአንድ ጀበና ቡና እንዲጠጡ፣ ልጆቻቸውም በአንድ ደጃፍ እንዲያድጉ አድርጓል። ሀብታሙና ድኻው አጥር ለአጥር ሆነው የሚኖሩበትን ይህን ቅይጥ ሰፈር ብዙ የዓለም ከተሞች ዛሬ በብዙ ወጪ ለመፍጠር ይደክማሉ፤ በአራዳ ግን ያለ ወጪ ተገኝቶ ነበር።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ከተመረቀ በኋላ፣ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ የሰፈሮቹ ብዙ ክፍል በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሰ። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱና የእግረኛው ንጣፍ አምሯል፤ ይህን የማያይ ዐይን የለም። ከዚያ የተነሡት ሰዎች ግን በከተማዋ ዳርና ዳር ወዳሉት የኮንዶሚኒየም መንደሮች በየአቅጣጫው ተከፋፍለው ሄዱ፤ አንደኛው ጎረቤት በምሥራቅ፣ ሁለተኛው በደቡብ፣ ደባሉና የደባሉ ተከራይ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ ስላልነበሩ እንደየአቅማቸው ቤት ፍለጋ ወጡ። አንዲት ባልቴት ስለ አዲሱ ቤታቸው ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ቤቱስ ቤት ነው፤ ውኃው ጓዳዬ ድረስ ይመጣል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ከፎቁ ላይ ሆኜ ብጣራ የሚሰማኝ ማን ነው?» አሉኝ። የወሩ የዕድር ቀን በደረሰ ጊዜም ከዚያ ሩቅ አገር ሁለት ታክሲ ተሳፍረው፣ ለመዋጮው ከሚከፍሉት ይልቅ ለመሳፈሪያው አብልጠው እያወጡ ወደ ፒያሳ የሚመጡ ብዙዎች ናቸው፤ ዕቃ ቤቱ ስለ ፈረሰ ድንኳኑ በአንዱ ዘመድ ግቢ ተጠልሎ፣ ስብሰባውም በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ሥር ይደረጋል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ ለንደን ቤትናል ግሪን ከሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ብዙ ቤተ ሰቦች ከከተማው ውጭ ወደ ተሠሩ አዳዲስ መንደሮች ሲዛወሩ፣ ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኑሯቸውን በቅርብ ተከታትለው፣ በ1957 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ሰዎቹ የተሻለ ቤትና የራሳቸው መታጠቢያ ቢያገኙም፣ በየቀኑ ብቅ ይሉ ከነበሩት እናትና እኅት፣ ከጎረቤትም ተለይተው፣ ሴቶቹ በተለይ በብቸኝነት ተጎድተው ነበር። እንግሊዞች ይህን ያወቁት ሰዉን ካዛወሩ በኋላ ነው። እኛ ግን ሕጋችን አስቀድሞ ማኅበራዊ ትስስር የሚባል ነገር እንዳለ ጽፎልናል፤ የቀረን በተግባር ማዋል ነው።

በአዲሱ መንደር አዲስ ዕድር ይመሠረታል ተብሎ ይመለስልኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይመሠረታል፤ በአሜሪካ በዋሽንግተንና በሚኒሶታ የተሰደዱት ወገኖቻችን እንኳ ዕድር አቋቁመው አስከሬን ወደ አገር ቤት እስከ መላክ ደርሰዋል። ነገር ግን ከአዲስ ዕድር ለመግባት የመመዝገቢያ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ሠላሳ ዓመት የተከፈለው መዋጮ ለአዲሱ አይቈጠርም፤ የሰባ ዓመት ባልቴት ደግሞ ጎረቤቶቿ እስኪያውቋት ድረስ የምትጠብቅበት ዘመን የላትም። ሌላውን ትተን፣ ለዘመናት የተጠራቀመው የዕድሩ ጥሪት፣ ድንኳኑና በባንክ ያለው ገንዘብ፣ አባላቱ ሲበተኑ የማን ይሆናል?

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሰው ሲዛወር በነፍስ ወከፍ ዕጣ ሳይሆን በዕድሩ ይዛወር። ኮንዶሚኒየም በዕጣ የሚታደለው አድልዎ እንዳይኖር ታስቦ መሆኑ መልካም ነው፤ ዕጣው ግን በአባወራ መካከል ከሚወጣ በዕድርና በዕድር መካከል ቢወጣ ፍትሐዊነቱ አይጐድልም፤ የሠራተኛ ሰፈሩ ዕድር አንድ ሕንፃ፣ የዶሮ ማነቂያው ሌላ ሕንፃ ቢደርሰው፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ደረጃ ለደረጃ ይገናኛል። አሮጊቶችና አካለ ስንኩላን ምድር ቤቱን እንዲይዙ ዕድሩ ራሱ በመካከሉ ያከፋፍል፤ ከማንኛውም የመንግሥት ጸሐፊ ይልቅ ማን ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር ያውቃል። የኮንዶሚኒየሙን ንድፍ ያወጡት ባለሙያዎች እንጀራ የሚጋገርበት፣ ከብት የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት በየመንደሩ መጨመራቸው አስተዋይነት ነበር፤ በአንዳንድ ስፍራ እነዚህ ቤቶች ወደ መጋዘንና ወደ ሱቅ ተለውጠዋልና፣ አንዱ ክፍል ለዕድር ዕቃ ቤት፣ ከፊቱ ያለው ሜዳም ለድንኳን እንዲሆን ተለይቶ ይሰጥ።

ከዕድሮቻችንም በበኩላቸው የሚጠበቅ አለ። በደባልነት የሚኖረውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ ከገጠር የመጣችውን የቤት ሠራተኛ ስም በመዝገባቸው ላይ ያላሰፈሩ ብዙዎች ናቸው፤ የመመዝገቢያው ገንዘብ ከፍ ስላለ ድኻው ከድኻ ማኅበር ውጭ ቀርቷል። የመጀመሪያዎቹ ዕድርተኞች ከአገራቸው ርቀው ዘመድ ያጡ እንግዶች ነበሩና፣ ልጆቻቸው የዛሬውን እንግዳ ከደጃፍ ቢመልሱት የተነሡበትን ዓላማ ይተዋሉ። ዳኞቻቸው ይህን አስተካክለው ቢገኙ፣ በክፍለ ከተማው ፊት ስለ ሰፈራቸው ሲናገሩ ቃላቸው የበለጠ ይሰማል።

ስለዚህ የሚቀጥለው የተነሺዎች ስም ዝርዝር በወረዳው ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት፣ የወረዳው ጸሐፊ የዕድሮቹን መዝገቦች ከዳኞቻቸው ተውሶ፣ የቤት ቍጥሩን ዝርዝርና የዕድርተኛውን ዝርዝር ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ በቤት ቍጥር የማይገኘውን ደባል ከዕድሩ መዝገብ ያግኘው፤ የሕንፃውና የወለሉ ምደባም ከዚያ በኋላ ይጀመር።