የባሕር ማዶ ትምህርትና የአገር ቤት መምህር

ዕውቀትን ፍለጋ አገር አቋርጦ መሄድ በኢትዮጵያ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ድጓን ሲሻ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን ሲሻ ወደ ዙር አምባ፥ ቅኔን ሲሻ ወደ ዋሸራ መሄድ ከጥንት የኖረ ልማዱ ነው። ይህ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመምህሩን ማንነት ነው እንጂ የመንገዱን ርቀት አይደለም። ዛሬም ታላላቅ መንግሥታት ለመምህራንና ለተማሪዎች በየዓመቱ ስለሚከፍቱት ነፃ የትምህርት ዕድል ሲታሰብ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የመምህሩን ነገር መመርመር ይገባል።

ለዚህ ምርመራ ዘጌ መልካም ምሳሌ ናት። በጣና ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ ለባሕር ዳር ከተማ ጎረቤት የሆነችው ይህች በቡና ደን የተሸፈነች ምድር፥ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና እንደ አዝዋ ማርያም ያሉትን ገዳማት ከነሥዕላቸውና ከነብራና መጻሕፍታቸው ጠብቃ ኖራለች። ሥዕልና መጽሐፍ በሞላበት በዚህ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1868 የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፥ ወደ ኢጣሊያ ተልከው በቶሪኖ ከተማ የሥዕል ጥበብን ተማሩ። ኋላም በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛን አስተማሩ፤ በ1908 ደግሞ ስለ ጦቢያ የጻፉትን ልብ ወለድ ታሪክ በሮማ አሳተሙ። ይህም መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ ይቈጠራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ የዘጌው ሰው ወደ አውሮፓ የገቡት በተማሪነት ቢሆንም፥ ከአገራቸው ይዘውት የሄዱት ቋንቋ መምህር አድርጓቸዋል። ሁለተኛው አሳዛኝ ነው፤ እኒህ ሊቅ በጠላት ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለወራሪው አገዛዝ ማገልገላቸው የታወቀ ነው። የባሕር ማዶ ትምህርት ዕውቀትን ይሰጣል እንጂ የአገርን ፍቅር በዕውቀቱ ላይ መርቆ አይሰጥም። ፍቅሩ ከቤት፥ ከመምህርና ከወገን አክብሮት የሚገኝ ስንቅ ነው።

ኢትዮጵያዊ መምህር ለአውሮፓ ዕውቀትን ማቀበሉ ግን ከአፈወርቅም ዘመን እጅግ ይቀድማል። በመካነ ሥላሴ የተወለዱት አባ ጎርጎርዮስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1652 ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ተጠርተው ሂዮብ ሉዶልፍን ያስተማሩ ናቸው። ሉዶልፍ ኋላ ያሳተማቸው የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መሠረታቸው የእኒህ መነኵሴ ትምህርት ነው። ከጣና ምሥራቅ ከይፋግ የወጡት አለቃ ታየ ገብረ ማርያምም በ1905 ወደ በርሊን ሄደው አስተምረዋል። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በባሕር ማዶ ትምህርት ቤት ደጃፍ የቆመው ለመለመን ብቻ አልነበረም፤ የሚሰጠውም ነበረው።

የዛሬው ሁኔታ ሲታይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በ1946 በአሜሪካ ሕግ የተቋቋመው ፉልብራይት፥ ከ1925 ጀምሮ ያለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት፥ አውሮፓውያን በ2004 የጀመሩት ኤራስመስ ሙንዱስ፥ እንዲሁም የቻይና መንግሥት የሚሰጠው ዕድል ለኢትዮጵያውያን ክፍት ናቸው። እነዚህ ዕድሎች በብዛት የሚጠይቁት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪን፥ የውጭ ቋንቋ ፈተና ውጤትንና በኢንተርኔት የሚላክ ማመልከቻን ነው። የእንግሊዝኛው ፈተና ክፍያ ግን ከአንድ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር የወር ደመወዝ ይበልጣል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተነሣው ጦርነት ወዲህም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ማስታወቂያው ለዓለም ሁሉ ቢነገርም፥ በገጠር ለሚያስተምረው ሰው ደጁ የተከፈተ ይመስላል እንጂ መግቢያ የለውም።

የአብነት መምህሩማ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ከንባብ ተነሥቶ ዜማን፥ ቅኔንና ትርጓሜን እስኪፈጽም ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ የደከመ ሊቅ፥ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው አንዲት ወረቀት ስለሌለው እንዳልተማረ ይቈጠራል። የውጭ አገር ተመራማሪ ወደ ጣና ገዳማት መጥቶ፥ መጽሐፉን በመምህሩ አንባቢነት፥ ሥዕሉንም በመምህሩ ተርጓሚነት አጥንቶ ሲመለስ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኛል። ያስተማረው መምህር ግን በዚያው በጎጆው ይቀራል። ይህን መናገር ተመራማሪውን ለመንቀፍ አይደለም፤ የልውውጡ ሚዛን አለመስተካከሉን ለማሳየት ነው።

ዓለም ይህን ዕውቀት ይፈልገዋልን? ለሚል ሰው መልሱ ግልጽ ነው። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ጸንቶ ቆይቶ፥ ከ2003 እስከ 2014 አምስት ታላላቅ ቅጽ ያለው የኢትዮጵያ መዝገበ ዕውቀት ተዘጋጅቶበታል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ግዕዝን ማስተማር ጀምሯል። በአሜሪካ በኮሌጅቪል ያለው የብራና መጻሕፍት ቤተ መዛግብት ደግሞ፥ ከ1973 ጀምሮ በፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ መጻሕፍትን አከማችቷል። የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ስማቸው የገነነው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነሥተው በካይሮና በጀርመን በቱቢንገን የተማሩ ሰው ነበሩ።

የእኒህ ሊቅ ሕይወት ለሹማምንት ሥጋትም መልስ ይሰጣል። ብዙ ሹም «መምህሩ ከሄደ አይመለስም» ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጌታቸው ኃይሌ ትምህርታቸውን ፈጽመው ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ከአገር ያራቃቸው በ1975 በጥይት ቆስለው ለሕክምና እንዲወጡ ያደረጋቸው መከራ ነው። እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2021 ድረስም የአገራቸውን መጻሕፍት ከመመርመር አልቦዘኑም። ስለዚህ የተማረ ሰው መመለሱ ወይም መቅረቱ የሚወሰነው ባሕር ማዶ ባየው ምቾት ብቻ ሳይሆን፥ አገር ቤት በሚጠብቀው ፍትሕና ሥራ ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ ለተማሪው ምን ይጠቅማል? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆኑ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ባሕር ማዶ የሚሻገሩትን ጥቂት ልጆች እየቈጠሩ መደሰት የቀሩትን መርሳት ይሆናል። አንድ ተማሪ ቢላክ የሚማረው አንድ ሰው ነው፤ አንድ መምህር ተልኮ ቢመለስ ግን በዕድሜው ሙሉ በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች ከእርሱ ይማራሉ። ለብዙኃኑ ተማሪ የዓለም ዕውቀት የሚደርሰው በመምህሩ አፍ ነው።

እንግዲህ ሊሠራ የሚገባው ነገር ከአቅም በላይ አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴርና የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በአንድነት ተቀምጠው፥ የአብነት ትምህርት ደረጃው ተመዝኖ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት የምስክር ወረቀት እንዲሰጥበት ቢወስኑ፥ የመጀመሪያው እንቅፋት ይነሣል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሁለት ተቋማት ተዋሕዶ የተገኘ ነው፤ አንደኛው በ1963 በሶቪየት መንግሥት ርዳታ የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት፥ ሁለተኛው በ1972 በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የተቋቋመው የመምህራን አካዳሚ ናቸው። ከባሕር ማዶ በመጣ ርዳታ ያደገ ቤት ስለሆነ፥ ለጎረቤቱ ለዘጌ መምህራን እንግሊዝኛን ቢያስተምር፥ ማመልከቻቸውን በማዘጋጀትና በፈተናው ክፍያ ቢረዳ፥ የተቀበለውን መልሶ መስጠት ይሆንለታል።

ከውጭ የሚመጣ ተመራማሪም ፈቃድ ሲሰጠው፥ የጥናቱን ግልባጭ ለገዳሙ እንዲያስቀምጥ፥ በአገሩ ትምህርት ቤት ለልጆቹ ጥቂት ሰዓት እንዲያስተምር፥ የረዳውንም መምህር ስም በሥራው ላይ እንዲጽፍ ውል መግባት አለበት። የሚላከው መምህር ደግሞ ሥራው ተጠብቆለት፥ ሲመለስም ማዕርጉና ደመወዙ በተማረው ልክ ከፍ እንዲልለት አስቀድሞ በጽሑፍ ይረጋገጥለት።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር አለፉ፤ ትምህርታቸው ለአውሮፓ ተረፈ፥ ለኢትዮጵያ ግን ያዩትን ሳይነግሯት ቀሩ። ዛሬ የመምህሩ መመለሻ እንደዚያ በማዕበል የሚቋረጥ አይደለም፤ የሚቋረጠው በቸልተኝነት ነው። ማዕበልን የሚገታ ሹም የለም፤ ቸልተኝነትን መግታት ግን የሹም ሁሉ ግዴታ ነው።