ካማዶ ከመግዛትዎ በፊት ግቢዎን ይዩ
ካማዶ የሚባለውን የእንቁላል ቅርጽ ያለው የከሰል መጥበሻ ሊገዛ ያሰበ ሰው «ሴራሚኩ ይሻላል ወይስ ብረቱ?» ሲል፣ ሻጮች ቀድመው የሚያወሩለት ስለ ሙቀት አያያዝ ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «የት ይቀመጣል? ስንት ጊዜስ ይነሳል?» የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሴራሚኩን ካስለመዱት አንዱ በ1974 አትላንታ ላይ የተመሠረተው ቢግ ግሪን ኤግ ነው። ወፍራም ግድግዳው ሙቀትን አምቆ ስለሚይዝ በአንድ ሙሌት ከሰል፣ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ የበሬ ፍርምባ ሌሊቱን ሙሉ እያጨሰ ያበስላል። ይሁንና አንዴ ከልክ በላይ ከጋለ በቀላሉ አይበርድም፤ «ላርጅ» የሚባለው መጠን 70 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከወደቀም ይሰነጠቃል። እንደ ቻር ግሪለር አኮርን ያለው ባለ ተደራራቢ ግድግዳ ብረት ደግሞ በጣም ይቀላል፣ ዋጋውም በእጅጉ ያነሰ ነው። ጠላቱ ዝገት ነው፤ በተለይ አመዱ ሳይጠረግ እርጥበት ካገኘው ውስጡን ይበላዋል። የሁለቱንም እሳት የሚገራው ግን ከታችና ከላይ ያለው የአየር ቀዳዳ ስለሆነ፣ ቀዳዳውን በትዕግሥት የሚያስተካክል ሰው በሁለቱም የሚጣፍጥ ሥጋ ያወጣል። ስለዚህ የራሱ ቤትና ጓሮ ያለው፣ ክረምት ከበጋ የሚጠብስ ሰው ሴራሚኩን ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም። በየሁለት ዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ ግን ለጎረቤት ዓይን ሲል ዕዳ አይግባ፤ ብረቱን ይግዛ፣ ሽፋን ያልብሰው፣ የተረፈውን ገንዘብ ለደህና ሥጋና ለንጹሕ የእንጨት ከሰል ያውለው።