‹‹እኔ ሶሻል ነኝ!›› አያዛልቅም

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ጋዜጠኝነት አይመስልም። ስለ ባዮሎጂ ነው። ‹‹ደግሞ እዚህ ባዮሎጂን ምን አመጣው?›› ብላችሁ ገጹን ልትገለብጡት እንደምትችሉ አውቃለሁ። እኔም ከጥቂት ወራት በፊት እንደዚሁ ነበር የምለው። አሁን ግን አልልም። ለምን እንደማልል ለማስረዳት እስቲ አገሬ ድረስ ይዣችሁ ልሂድ።

አገሬ አታት ነው። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ብዙ ሰው በሆስፒታሏ የሚያውቃት ትንሽ ቦታ ናት። ባለፈው መስቀል እንደ ማንኛውም የጉራጌ ልጅ ጓዜን ይዤ ገባሁ። ክትፎው በቆጮ ተበላ፣ ተመረቀ፣ ተጨዋወትን። በማግስቱ አያቴ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። አራት እንሰቶች መሀል ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ዝልፍልፍ ብሏል።

‹‹ልጄ፣ አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽም እንዴ? ይሄ ምን እንደሆነ ንገሪኝ እስቲ›› አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? አላውቅም ነበር። ግን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ‹‹አላውቅም›› ማለት ይከብደዋል አይደል? ‹‹ትል ነው፣ የተባይ መድኃኒት ይረጭበት›› አልኳት፤ እርግጠኛ በሆነ ድምፅ! አያቴም አመነችኝ። አንድ በግ ሸጣ መድኃኒቱን አስገዛች፣ አስረጨች። እኔ ደግሞ እርዳታዬ እንዲሟላ ብዬ የታመሙትን ቅጠሎች በቢላዋ እየቆረጥኩ ጣልኩላት። ያንኑ ቢላዋ ሳላጥብ ከጤነኞቹ እንሰቶች ላይ ለቆጮ መጋገሪያ የሚሆን ቅጠል ቆረጥኩበት። ከዚያ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ግቢ ተመለስኩ።

ጥር መጨረሻ ላይ ስደውል የታመሙት እንሰቶች አስራ አንድ ደርሰዋል። የግብርና ባለሙያ መጥቶ አንዱን ግንድ ሰንጥቆ፣ ከውስጡ የሚንጠባጠበውን ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ አሳይቷታል። በሽታው አጠውልግ ይባላል። የሚያመጣው ትል አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። የትል መድኃኒት አይነካውም። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከሚያሻግሩት ነገሮች ዋነኛው ምን መሰላችሁ? ያልጸዳ ቢላዋ!

አንድ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ አስራ አንዱን በዚያ አባዙት። አያቴ በስልክ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ‹‹አንቺ ምን ታደርጊ፣ አላወቅሽም›› ብቻ ነው ያለችኝ። እኔን የቆረጠኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ማወቅ እችል ነበር! ባክቴሪያ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚተላለፍ እስከ አስረኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ተፈትኛለሁ፣ አልፌያለሁ። አስራ አንደኛ ክፍል ስገባ ‹‹ሶሻል›› ሆንኩና መጽሐፉን ከነትምህርቱ ዘጋሁት።

ነገሩ የእኔ የግል ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ገጽ አላጣብብም ነበር። ግን አስቡት። በአገራችን አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ተማሪው ‹‹ናቹራል›› እና ‹‹ሶሻል›› ተብሎ ይከፈላል። ሶሻል የገባ ሰው ባዮሎጂን ተሰናበተ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ፍሬሽማን ላይ ጄኔራል ባዮሎጂን የሚወስዱት የናቹራል ልጆች ናቸው፤ እኛ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ እንወስዳለን። ከዚያ ዲፓርትመንት እንመርጣለን። ተመርቀን ስንወጣ ደግሞ ስለ ወባ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሰብል በሽታ፣ ስለ ወረርሽኝ ለሕዝብ የምንነግረው እኛው ነን። በአስራ ስድስት ዓመቱ ባዮሎጂን የተሰናበተ ሰው ስለ ሕይወት ለሚሊዮኖች ይናገራል! ‹‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም›› የሚባለው ለእኛ አይመስላችሁም?

አንድ ምሳሌ ከክፍላችን ልጨምር። አንድ ጊዜ በዜና አጻጻፍ ልምምድ ላይ ዶርም ውስጥ ስለተዛመተው ጉንፋን ጻፍን። እኔ ‹‹የጉንፋን ባክቴሪያ›› ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹‹ተማሪዎች በጊዜ አንቲባዮቲክ ቢወስዱ ይመከራል›› አለች። ጽሑፋችንን እርስ በርስ ተቀያይረን አረምን። ኮማው ታረመ፣ ርዕሱ ታረመ፣ ‹‹ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት›› ተሟላ። ባክቴሪያውን ግን ማንም አልነካውም!

ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው። ቫይረስን አይገድልም። ያለ ቦታው ሲወሰድ ደግሞ ዝም ብሎ ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም። በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን መቋቋም የማይችሉት ይሞታሉ፣ የሚችሉት ይቀራሉ፣ ይራባሉ። ነገ በእውነት የሚያስፈልገን ቀን መድኃኒቱ አልሠራም ይለናል። ይሄ ሁሉ ከአንዲት ‹‹ይመከራል›› ከምትል ዓረፍተ ነገር ሊጀምር ይችላል። ኮሮና እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2020 አገራችን ውስጥ መገኘቱ የተነገረ ሰሞን የነበረውን ታስታውሳላችሁ? ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ ‹‹ቫይረሱን ይገድላል›› ያላለ ሰው ነበረ? ያኔ ልጆች ነበርን፣ ሰማን። አሁን የሚሰማው ሌላ ሰው፣ የምንናገረው እኛ ልንሆን ነው።

ይህን ሐሳብ ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ ሳካፍለው ሳቀብኝ። ‹‹እኛ ባለሙያ አይደለንም እኮ! ሥራችን ባለሙያ ፈልጎ መጠየቅ ነው። ዶክተሩ የተናገረውን ጽፎ ማቅረብ ነው›› አለኝ። አነጋገሩ ሚዛን ይደፋል፤ ለሁለት ቀን መልስ አጥቼለት ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ለመጠየቅም መነሻ ያስፈልጋል። ምንም የማያውቅ ሰው ጥያቄው ‹‹ስለ ጉዳዩ ቢያብራሩልን?›› ብቻ ነው። ባለሙያው ቢሳሳት ወይም ነገሩን ሸፋፍኖ ቢያልፍ በምን ያውቃል?

ወባን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አስር ወራት ውስጥ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች መመዝገባቸውን የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። እኛ ወልቂጤና ጊቤ አካባቢ ያደግን ልጆች ወባን እናውቃታለን፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ ውኃ ያቆረበት ቦታ፣ ቆላ። ዘገባውም ሁልጊዜ ‹‹ያቆረ ውኃ እናፋስስ›› ነው። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች የትንኝ ዝርያ ተገኘች። ይቺ ትንኝ ከተማ ትወዳለች። በርሜል ውስጥ፣ ታንከር ውስጥ፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ትራባለች፤ ማለትም በበጋም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ተመራማሪዎች ያገኟት እሷን ነው። አሁን አስቡት፤ የትንኝ ዝርያ ሁሉ አንድ የሚመስለው ጋዜጠኛ በአንድ ከተማ ወባ በበጋ ሲነሳ ምን ብሎ ይጠይቃል? የትንኝን የሕይወት ዑደት የሚያውቅ ግን ‹‹የውኃ በርሜሎቹ ተመርምረዋል ወይ? የትኛዋ ትንኝ ናት?›› ይላል። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት የሰው ነፍስ ነው።

ደግሞም መሠረታዊ እውቀት ያለው ዐይን ሌላው አይቶ የሚያልፈውን ያያል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ያዩትን አስታውሱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ይሄን ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም። እሳቸው ግን ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ ተሕዋሲ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ቀንድ አውጣ ውስጥ እንደሚያድግ ያውቁ ስለነበር ‹‹እንዶዱ ቀንድ አውጣውን ከገደለ በሽታውንም መንገድ ላይ ሊያስቀረው ይችላል›› ብለው ምርምራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እንዶዱ የእናቶቻችን ነበር፤ ጥያቄው ግን ከእውቀት መጣ።

የእናቶቻችንን እውቀት እንደናቅኩት አድርጋችሁ እንዳትረዱኝ! እንዲያውም ባዮሎጂ የአያቴን ጥበብ የበለጠ እንዳከብር ነው ያደረገኝ። የቆጮ ጉድጓዷን ተመልከቱ። እዚያ ውስጥ የተፋቀው እንሰት ለወራት ተቀብሮ የሚብላላው በባክቴሪያ ነው፤ አሲድ እየሠራ፣ የሚያበላሹትን ተሕዋስያን እያባረረ ምግቡን ያቆይላታል። ስሙን አታውቀውም እንጂ ዕድሜ ልኳን አሠርታዋለች። ጓሮዋን የሚያደርቀውም ባክቴሪያ ነው፣ ጓዳዋን የሚሞላውም ባክቴሪያ ነው። ‹‹ባክቴሪያ›› የሚለውን ቃል ከነልዩነቱ ለአያቴ በሚገባት ቋንቋ ማድረስ የማን ሥራ ነው? የእኛ!

አጠውልግ ራሱ እኮ አዲስ ነገር አይደለም። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ዛንቶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ እንሰትን እንደሚያጠቃ የዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ የእንሰት ዘመድ በሆነው ሙዝ ላይ መታየቱ ተዘገበ። የሚፈውስ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ግን ቀላል ነው። የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፣ ከብት እንዳይበላው ማድረግ፣ ጤነኛ ችግኝ መትከል፣ ቢላዋን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጽዳት። ሳይንሱ ይህን ካወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አታት ጓሮ የደረሰው ግን ከእኔ ስህተት በኋላ ነው። በመሀል የጎደለው ተመራማሪ አይደለም። ነጋሪ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዲፓርትመንታችን ባዮሎጂስት ያድርገን አልልም። ሦስት ነገር ብቻ ልጠይቅ። አንደኛ፣ ከባዮሎጂ ዲፓርትመንት ጋር ተነጋግሮ በሴሚስተር ለጥቂት ቅዳሜዎች መምህር ይጋበዝልን። ሴል ምንድን ነው፣ ባክቴሪያና ቫይረስ በምን ይለያሉ፣ በሽታ እንዴት ይተላለፋል፣ ክትባት እንዴት ይሠራል፣ አንድ ጥናት የሚታመነው መቼ ነው። ይሄው ይበቃናል። ሁለተኛ፣ በዜና ልምምድ ላይ ኮማ እንደሚታረመው ሁሉ የሳይንስ ስህተትም ማርክ ያስቀንስ። ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች ነው፤ የዘጠነኛና የአስረኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፋችንን አቧራውን አራግፈን እንክፈተው። እኔ ከታናሽ ወንድሜ ተውሼ ጀምሬያለሁ። ሳይፈተኑበት ሲያነቡት እንዴት እንደሚጥም!

አያቴ አሁን ቢላዋዋን ከጓሮ ከመውጣቷ በፊት እሳት ላይ ትለበልበዋለች፤ ጎረቤት ሲዋስም ለብልባ ነው የምትሰጠው አሉ። ባለፈው ሳምንት ስደውል ‹‹ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ፣ ዶሮዎቼ አንገታቸውን ያዞራቸዋል›› አለችኝ። በዚህኛው ጊዜ ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቃላችሁ? ‹‹አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሻለሁ›› አልኳት። ስልኩን ዘግቼም ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ መጻፍ ጀመርኩ።

ቸር ሰንብቱ!